ቀምሼ የሰጠሁት መድኃኒት

ሲይዙኝ ቀኝ ክንዴ ከክርኔ በላይ ላም ውስጥ ነበር። ዳባት ውስጥ የከብት ሐኪም ነኝ፤ ያን ዕለት የአንድ ገበሬ ላም መያዟን አለመያዟን ልመረምር ከከተማው ወጣ ብዬ ነበር። ገበሬው ቀንዷን ጨብጦ፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ ሳለሁ ሁለት ሰዎች በበረቱ በር ገቡ። አንደኛው ስሜን ጠርቶ "አንተ ነህ?" አለኝ። ነኝ አልኩት። ክንዴ የት እንዳለ ሲያይ ፊቱን አዞረና "ጨርስና ና" አለኝ። ጨረስኩ። ላሟ የአራት ወር እርጉዝ ነበረች፤ ለባለቤቷ ይህንኑ ነግሬው እጄን ታጥቤ ወጣሁ። ተረጋግተው መጠበቃቸው እስካሁን ይገርመኛል።

ደባርቅ ወሰዱኝ። መርማሪው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁስለኛ አክመሃል ወይስ አላከምክም? መልሴም አንድ ነበር። "እኔ የከብት ሐኪም ነኝ። ሰው አላክምም።" በዚያ ሳምንት ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም።

ውሸት ነበር። ከጥቂት ወራት በፊት አንድ ሰው እግሩ ተቦድሶ በቃሬዛ ደጄ ድረስ መጥቶልኝ ነበር። አጠብኩት፣ ሰፋሁት፣ መርፌ ወግቼ ሸኘሁት። የየትኛው ወገን እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ቢነግረኝም መስማት አልፈልግም ነበር። ከቁስለኛው ሌላ ይህን የምናውቀው እኔና ቃሬዛውን የተሸከሙት አራት ሰዎች ነን። ከአራቱ አንዱ ተናግሯል ማለት ነው። እስር ቤቱን የለመድኩት እነዚያን አራት ሰዎች በየተራ እያነሳሁ ስጥል ነው።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ገብስ ገብስ ይሸታል፤ ከገብሱ ሥር ደግሞ የነቀዝ መድኃኒት ይሸታል። መስኮት የለውም። ከጣሪያው ሥር ብሎኬት የወለቀበት አንድ ክፍተት አለ፤ በዚያ በኩል ብርሃን ይገባል፣ ወደ ስሜን ጭነት ይዘው የሚወጡ በቅሎዎች ቃጭልም ይሰማል። ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው ላይ ያደረው ውርጭ ሲቀልጥ በቀዳዳው ሁሉ ያንጠባጥብብናል። ባዶ ጆንያ አንጥፈን፣ ባዶ ጆንያ ለብሰን እንተኛለን።

ስድስት ነበርን። ከስድስቱ አንዱን፣ መምህሩን ብቻ ነው የማነሳው። የሒሳብ መምህር ነበር፤ ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ የክፍሉ ተጠሪ አድርገን የመረጥነው። የገባሁ ዕለት ጎኑ አስቀመጠኝና "እዚህ ከመሃላችን አንድ ጆሮ አለ" አለኝ።

"ማን ነው?"

"አላውቅም። እኔ ልሆን እችላለሁ። ስለዚህ ለእኔም ምንም አትንገረኝ።"

ወደድኩት። ወዲያው ደግሞ፣ ይህን ያለው ራሱን ነጻ ለማውጣት ይሆን እንዴ ብዬ ጠረጠርኩት። እንዲህ ነበር የምንኖረው። አንዱ ቢስል ምልክት ነው፣ አንዱ ዝም ቢል ያዳምጣል፣ አንዱ ሲበዛ ቢያወራ ሊያስለፈልፈን ነው። እኔ በሥራዬ መናገር የማይችል ፍጡር ምን እንደሚያመው ከዓይኑና ከአፍንጫው አውቃለሁ ብዬ የምመካ ሰው ነኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን የሰውን ዓይን ባየሁ ቁጥር የማነበው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ሰባተኛው ሰው በሦስተኛው ሳምንት መጡ። ከሊማሊሞ በታች ከቆላው የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ጋቢያቸውን በወጉ አጣፍተዋል፣ ጢማቸው ነጭ ነው። እኛን "ግባ አንተ" የሚለው ጠባቂ በሩን ከፍቶ "ይግቡ አባት" አላቸው። ስድስታችንም ሰማን።

ሽማግሌው ከመቀመጣቸው በፊት ክፍሉን ዞረው እያንዳንዳችንን ሰላም አሉ። እያንዳንዳችንንም ጠየቁ።

"የማን ልጅ ነህ? አገርህስ ወዴት ነው? በእናትህስ በኩል?"

በእኛ አገር ትልቅ ሰው እንግዳ ሲያገኝ ዘሩን ካልጠየቀ እንደ መናቅ ይቆጠራል። አባቴም ቢሆን ሌላ አይጠይቅም ነበር። እዚያ ቦታ ግን ምርመራ ሆነብን። ስድስታችንም የውሸት አባት ሰጠናቸው። እኔ የሞተ አጎቴን ስም ነገርኳቸው። ጥቂት አሰቡና "እርሱንማ አውቀዋለሁ፤ ደኅና ሰው ነበር" አሉኝ። በዚህ የባሰ ጠረጠርኳቸው።

"እኚህ ናቸው" አለኝ መምህሩ በጆሮዬ። "ጥያቄያቸውን አየህ? ከስም ተነስተው ወደ አገር፣ ከአገር ወደ ዘመድ። በቅደም ተከተል ነው።"

በአራተኛው ቀን ሽማግሌው ተንቀጠቀጡ። ራሴን ፈለጠኝ ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ፤ ሲገላለጡ ፊታቸው ቀልቷል። መምህሩ ግንባራቸውን በእጁ ጀርባ ነካና ቶሎ አነሳው። "ተስቦ ነው" አለ። ተስቦ ከቅማል እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ እስር ቤት ደግሞ የቅማል አገር ነው። ልብሳችንን አውልቀን ስፌት ስፌቱን ስንፈትሽ ዋልን። ብዙ አላገኘንም። ያም ሆኖ ሽማግሌውን ጆንያቸውን ጎትተን ከበሩ ሥር፣ ከሽንት ባልዲው አጠገብ አደረግናቸው። እኔም ከጎተቱት አንዱ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ባልዲው ሊወጣ በሩ ሲከፈት ሽማግሌው ሊሸኑ ተነስተው ነበር። ጉልበታቸው ከዳቸውና ወደቁ፤ ሱሪያቸው ተንሸራተተ። ከጭናቸው በውስጥ በኩል፣ ወደ ላይ ተጠግቶ፣ አንድ ምልክት አየን። መሃሉ ጥቁር፣ ምስር የሚያህል ደረቅ ቅርፊት፤ ዙሪያው ክብ ሆኖ የቀላ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ጎትተው ፈጥነው ሸፈኑት።

መምህሩ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀ። "ሲጋራ ነው" አለኝ።

"አቃጥለዋቸዋል?"

"ራሳቸው ናቸው ያቃጠሉት። ተገርፎ የመጣ እንዲመስል። ስንት ነው ያየኸው? አንድ ነው። ሲጋራ የሚያጠፉብህ ሰዎች አንድ ብለው አያቆሙም።"

የሒሳብ ሰው ነው አላልኩም? ለሌሎቹም አስረዳቸው፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን አልነቀነቅኩም፤ ያን ምልክት ስለማውቀው ነው። በራሴ ገላ ላይ ነበረ።

ከብዙ ዓመት በፊት፣ ሥራ እንደጀመርኩ፣ ለክትባት ቆላ ወርጄ ሁለት ሳምንት ከከብት ጋር ሣር ውስጥ ስተኛና ስነሳ ከርሜ ነበር። ዳባት ስመለስ ወባ ነው ብዬ ወደቅኩ። ጤና ጣቢያው ውስጥ ያየኝ ባለሙያ ወባህ የለም አለኝና ልብሴን አስወልቆ ፈተሸኝ። ከጉልበቴ ጀርባ ይኸው ጥቁር ነገር ተገኘ። "መዥገር ነው የነከሰህ" አለኝ። ሳቅኩበት። መዥገር የእኔ ሥራ ነው፤ በቀን መቶ እነቅላለሁ። እርሱ ግን አልሳቀም። መዥገሩ ደሜን ሲመጥ በምራቁ ባክቴሪያ እንዳስገባብኝ፣ የተነከሰው ቦታ ጠቁሮ እንደሚደርቅ፣ ከዚያ ትኩሳቱ እንደሚከተል ነገረኝ። "ወጣት ነህ፣ በዚህ ትድናለህ" ብሎ የሰጠኝ መድኃኒት ዶክሲሳይክሊን ነበር። "በሽማግሌ ላይ ከጠነከረ ግን አንጎልና ኩላሊት ውስጥ ይገባል" ያለኝን አልረሳሁትም። እኛ ደገኞች ቅማል የሰው ነው፣ መዥገር የከብት ነው ብለን ከፋፍለን ጨርሰናል። ስለዚህ ስድስት ሰው ቀኑን ሙሉ ቅማል ፈልጎ የሽማግሌውን ጭን ያየ አልነበረም።

አውቄ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው። ብናገር ሰው አክማለሁ ማለቴ ነው፤ የታሰርኩበት ጉዳይ ደግሞ እርሱ ነው። የምናገረው ለማን ነው? ጆሮ ናቸው ለምንላቸው ሰውዬ። ከዳኑ በኋላ የመጀመሪያ ወሬያቸው እኔ ብሆንስ? እያልኩ ጀርባዬን ሰጥቼ ተኛሁ። ሽማግሌው ውሃ ሲጠይቁ የሚያቀብላቸው ሰው በየሰዓቱ እየቀነሰ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በሬያቸውን በስሙ እየጠሩ "ና ዙር፣ ና ዙር" ማለት ጀመሩ። ያርሱ ነበር። ያን ስሰማ ተነሳሁ።

አጠገባቸው ተንበርክኬ ጭናቸውን ልገልጥ ስል እጄን ያዙ። በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆነው ዓይናቸው ጥርት አለ።

"ምን ትፈልጋለህ?"

"ልይልዎት ነው አባቴ። ሐኪም ነኝ።"

"የከብት ሐኪም ነኝ ስትል ሰምቻለሁ።"

"መዥገርም የከብት ነው" አልኩ። እጄን ለቀቁኝ። ብሽሽታቸውን ስዳስስ ንፍፊታቸው እንቁላል አክሏል። ደረታቸው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ወጥቷል። ከመያዛቸው በፊት የት እንዳደሩ ጠየቅኳቸው። በረት ውስጥ፣ ከጥጆቹ ጋር ሲጠብቁ ሳምንት እንደከረሙ ነገሩኝ። ጥርጣሬ አልቀረኝም፤ ማለቴ ስለ በሽታው።

ቀጥሎ ጠባቂው ነበር። ስለ እርሱ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። ጠባቂው አንዲት በቅሎ ነበረችው፤ ጀርባዋ ላይ ገጣባ ወጥቶ አልድን ብሏታል። "ለምርመራ ትፈለጋለህ" እያለ ሁለት ጊዜ አስወጥቶኝ ስለ በቅሎዋ አማክሮኛል። በጨው ውሃ እጠብ፣ ኮርቻውን ለወር አትጫናት፣ ዝንብ እንዳያርፍባት ሸፍናት አልኩት። በሁለተኛው ጊዜ ትኩስ ዳቦ ሰጠኝ። ከግድግዳው ጀርባ ቆሜ ብቻዬን በላሁት። ለሰባት ሰው አይበቃም ብዬ ራሴን አስረዳሁ፤ አፌን ጠርጌ ገባሁ።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው ሲመጣ በበሩ በኩል "ሽማግሌው ይሞታሉ" አልኩት።

"ማን አለ?"

"እኔ ነኝ ያልኩት።"

"ሰው አላክምም አላልክም እንዴ ዶክተር?" ዶክተር የሚለኝ ሊቀልድብኝ ነው።

"ብያለሁ። አሁን አንድ መድኃኒት ፈልግልኝ።"

ዞር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "በቃል አይሆንም። ነገ ሰውዬው አንድ ነገር ቢሆኑ መርዝ ገዛ የምባለው እኔ ነኝ። ጻፈው። ስምህንም ጻፍበት።" እርሱም ይጠረጥረኝ ነበር፤ አልፈረድኩበትም። እስክሪብቶውን በበሩ ሥር አሾለከልኝ።

የብስኩት መጠቅለያ ፈልጌ በውስጡ በኩል ጻፍኩ። የመድኃኒቱን ስም፣ ጠዋት አንድ ማታ አንድ። መምህሩ ከጎኔ ቆሞ ያያል።

"ስምህን አትጻፍ" አለኝ።

"ካልጻፍኩ አይገዛም።"

"ለማን ብለህ ነው? ጆሯቸው ከሆኑ ድነው መጀመሪያ የሚሸጡት አንተን ነው።"

"ሊሆን ይችላል።"

"ታዲያ?"

"ታዲያ ጆሮም ቢሆን በመዥገር አይሙት" አልኩት። በዚያች ቅጽበት የሚያስፈራኝ ነገር ሁሉ ተመልሶ መጣ፤ እጄ ስሜ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ ስሜን ጻፍኩ፤ ከሥሩም "የእንስሳት ጤና ባለሙያ" ብዬ ጨመርኩበት። ውሸት መጻፍ ስለማልወድ አይደለም። የምጽፈው ነገር ለአንድ ጊዜ እንኳ ትክክል እንዲሆን ፈልጌ ነው።

እኩለ ቀን ላይ ጠባቂው አሥር ፍሬ አመጣ። ለአምስት ቀን ይበቃል። አንዷን በመዳፌ ይዤ በጣሳ ውሃ ቀድቼ ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጥኩ። አፋቸውን ገጠሙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

"አባቴ፣ ይዋጡት። ይህ ነው የሚያድንዎት።"

"ያን ዳቦ ከየት አመጣኸው?"

ጣሳውን መሬት አስቀመጥኩ።

"በሄድክ በመጣህ ቁጥር ምንም ሳትሆን ትመለሳለህ" አሉ ቀስ ብለው፣ በየቃሉ እያረፉ። "ሌላው ሲመለስ ያነክሳል። አንተ ግን ባለፈው ዳቦ ዳቦ እየሸተትክ ገባህ። አርጅቻለሁ እንጂ አፍንጫዬ ደኅና ነው። አሁን ደግሞ ከእነርሱ እጅ የመጣ መድኃኒት ዋጥ ትለኛለህ።"

ለካ ያን ሁሉ ቀን እኛ እርሳቸውን ስንጠረጥር እርሳቸው እኔን ይጠረጥሩ ኖሯል። አምስቱም ሰዎች ወደ እኔ ዞሩ፤ የመምህሩን ዓይን አየሁት፣ እያሰላ ነበር። ስለ በቅሎዋ፣ ስለ ገጣባው፣ ከግድግዳው ጀርባ ስለበላሁት ዳቦ ሁሉንም ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ማንም አልሳቀም። ሽማግሌው ፊታቸውን ከግድግዳው መለሱ።

"እንግዲያስ ቅመስልኝ" አሉኝ።

በአገራችን ጠላ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ከዚያ ለእንግዳው ይሰጣል። በውስጡ ክፉ ነገር የለበትም ማለቱ ነው። ሽማግሌው የጠየቁኝ ይህንን ነው። የመድኃኒት ፍሬ ግን አይቀመስም፤ ይዋጣል። እኔ አንዷን ከዋጥኩ ዘጠኝ ይቀራል። ሁልጊዜ ቅመስ ካሉኝ ደግሞ አምስት ብቻ ይቀራል፤ አምስት አያድናቸውም። ይህን ልነግራቸው ብል ሰበብ ይመስላል። ፍሬዋን አፌ ውስጥ ጨምሬ በውሃ ዋጥኩ።

"አፍህን ክፈት" አሉኝ። ከፈትኩ። "ምላስህን አንሳ።" አነሳሁ። የስንት በቅሎና የስንት ፈረስ አፍ ከፍቼ ዕድሜ ቆጥሬያለሁ፤ የእኔ ሲከፈት የመጀመሪያው ነበር። ከዚያም ጠበቁ። የሚሆነውን ሊያዩ ነው። በክፍተቱ የገባችው ብርሃን ከአንዱ ጆንያ ወደ ሌላው እስክትሻገር ድረስ ዓይናቸውን ከፊቴ ላይ አላነሱም። እኔም አላዞርኩም። በመጨረሻ እጃቸውን ዘረጉ፤ በስመ አብ ብለው ዋጡ።

ሲመሽ ሁለተኛዋን አወጣሁ። ከእሽጉ ሌላ አንድ ደግሞ ለራሴ ላወጣ ስል አንጓዬን ያዙ። መዳፋቸው ያቃጥላል።

"ይበቃል" አሉ። "አንተ እየቀመስክ ለእኔ ምን ሊተርፍ ነው?"

አምነውኝ ነው ወይስ ቆጥረው? እስከ ዛሬ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው። ላብ በላብ ሆነው ተነሱ፣ በሶ ካለ አሉ። መምህሩ ራሱ በጥብጦ ሰጣቸው፤ ጆንያቸውንም ከባልዲው አጠገብ አንስቶ ወደ መሃል መለሰው። ይቅርታ አልጠየቀም፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለም። ጥቁሩ ቅርፊት ደርቆ ሲረግፍ ግን መጥቶ አየው። "ሲጋራ እንዲህ አይረግፍም" ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ሽማግሌው ጎናቸው አስቀመጡኝ። "እንግዲህ እውነተኛውን ንገረኝ" አሉኝ። "የማን ልጅ ነህ? ያ የሰጠኸኝ ሰው ልጅ አልነበረውም። አውቀዋለሁ አላልኩህም?"

ነገርኳቸው። የአባቴን ስም፣ የአያቴን፣ መንደራችንን፣ በእናቴም በኩል። እዚያ ክፍል ውስጥ እውነተኛ ዘሬን የነገርኩት ለእርሳቸው ብቻ ነው። ተናግሬ ስጨርስ ቀለለኝ። እርሳቸው "ይበጅህ" አሉኝ።

በሳምንቱ ለእውነተኛው ምርመራ ተጠራሁ። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ የብስኩት መጠቅለያዬን ዘርግቶ፣ እንዳይጠቀለል ጥጉን በብርጭቆ ተጭኖታል።

"የማን ጽሑፍ ነው?"

አልጻፍኩም ማለት እችል ነበር። እጅ ጽሑፍ ይመሳሰላል፤ ስምም ማንም ይጽፋል።

"የእኔ ነው" አልኩ። "ስሜም አለበት።"

"ሰው አላክምም ስትለኝ አልነበረም?"

"ውሸቴን ነው። ሽማግሌ መዥገር ነክሷቸው ሊሞቱ ሲሉ አክሜያለሁ።"

"ሌላስ ማንን አክመሃል?"

"ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው የጠየቅከኝ" አልኩት። ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ አልጽፈውም። ስመለስ አነክስ ነበር፤ ሽማግሌው አይተው ተጠግተው ቦታ ለቀቁልኝ፣ የጋቢያቸውን እኩሌታም ደረቡልኝ።

ወረቀቱ እንዴት እዚያ ደረሰ? ጠባቂው ፈርቶ አስረክቦ ይሆናል። መድኃኒት ሻጩ ጠቁሞ ይሆናል። መምህሩም ሲጻፍ አይቷል። ሽማግሌውም እንዲሁ። ያን ወቅት ጋቢያቸው ውስጥ ተኝቼ፣ ሙቀታቸው እየደረሰኝ፣ እርሳቸውን ጭምር እያነሳሁ እጥል ነበር። በሽታው እርሳቸውን ለቀቃቸው እንጂ እኔን አልለቀቀኝም።

ሽማግሌው ከእኛ ቀድመው ተፈቱ። ጠባቂው ከሌላ ሁለት መሣሪያ ከያዙ ሰዎች ጋር በሩ ላይ ቆሞ "ይፍጠኑ አባት" እያለ፣ እርሳቸው እንደመጡበት ቀን ክፍሉን ዞሩ። እያንዳንዳችንን ትከሻ ለትከሻ ሳሙ፤ እያንዳንዳችንንም በሰጠናቸው የውሸት አባት ጠሩን። አንዱንም አልሳቱም። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ደነገጥኩ፤ የእኔን እውነቱን ያውቃሉ፤ ለመርማሪው እንኳ ዘመድና መንደሬን አልሰጠሁትም፣ ሰዎቹ ደግሞ ይሰማሉ። ሽማግሌው ዓይኔን እያዩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ የዚያን ልጅ ያልነበረው አጎቴን ስም ጠሩ። "የእርሱ ልጅ፣ ደኅና ሁን" አሉኝ። ጋቢያቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው በእጀ ጠባብ ብቻ ወጡ። ውጭው ጉም ነበር። አለቀስኩ፤ መምህሩም አይቶ ዓይኑን ወደ ክፍተቱ አነሳ።

ሌሎቹ ከተፈቱ በኋላ እኔ ብዙ ቆየሁ። አሁን ዳባት ሥራዬ ላይ ነኝ። ሰው ድንገት ስሜን ሲጠራኝ ከመዞሬ በፊት ድምፁን አጠናለሁ፤ ሚኒባስ ስሳፈር ከኋላ ወንበር ነው የምቀመጠው። እነዚያን አራት ቃሬዛ ተሸካሚዎች ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ፤ አራቱንም አቅፌ እስማለሁ፣ አራቱንም አላምንም። ከመካከላቸው ሦስቱ ንጹሕ እንደሆኑ አውቃለሁ። እነርሱ ናቸው የሚያሳዝኑኝ።

ባለፈው በጋ ለክትባት ከሊማሊሞ በታች ወረድኩ። ጠይቄ ጠይቄ የሽማግሌው ቤት ደረስኩ። በሬያቸውን ዋርካ ሥር አስረው ከታፋው መዥገር ሲነቅሉ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ "ና፣ ዘመዶችህ እዚህ ናቸው" አሉኝና መዥገሩን አሳዩኝ፤ ሱሪያቸውን ቁርጭምጭሚታቸው ላይ በገመድ አስረውታል። ያን ምክር የሰጠኋቸው እስር ቤት ውስጥ ነበር።

ወደ ቤት ገባን። ባለቤታቸው ጠላ ይዘው መጡ፤ ረዘም ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። በጣሳ ቀድተው፣ እንደ ወጉ፣ በግራ መዳፋቸው ጠብ ሊያደርጉ አዘነበሉ።

"ለእርሱስ ተይው" አሉ ሽማግሌው። "ለእርሱ አይቀመስለትም። ስጪው እንዲሁ።"

ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ጣሳውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። ከዚህ የሚበልጥ ክብር ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም፤ ገብቶኛል። ተቀበልኩ። አመሰገንኩ። እጄ ግን ወደ አፌ አልሄደም። ጣሳውን ጉልበቴ ላይ አሳርፌ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በሬው ማውራት ጀመርኩ፤ ቆይቶ ነው ምን እያደረግኩ እንደሆነ የታወቀኝ። ሴትዮዋ እስኪቀምሱልኝ እየጠበቅኩ ነበር።

ሽማግሌው አዩኝ። ከእጄ ላይ ጣሳውን ወሰዱ፣ አንድ ጉንጭ ጠጡ፣ ዋጡ፣ አፋቸውን ከፍተው አሳዩኝ፤ ምላሳቸውንም አነሱ። ከዚያ ጣሳውን መለሱልኝ፣ ጠጣሁም።